የቢፍቱ ፎቶዎች

ዶርቃ ወደዚያ ቤት የገባችው ለሦስት ወር ሥራ ነበር። ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው፤ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቸውን ፎቶ መልክ ማስያዝ።

ሰውየው ሚሳኤል ይባላል። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሠርግ ያነሳል፣ ምርቃት ያነሳል፤ ሥራ በሌለበት ቀን ደግሞ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመካኒሳ እስከ ለቡ በእግሩ እየሄደ ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። የሚኖረው መካኒሳ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ አፀደ ጋር፣ አባቱ ትተውላቸው በሞቱት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያነሳውን አንዱንም ሳይጥል ሳሎኑ ጥግ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ሲከምር ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑ አልነሳም አለ። የጠገነለት ባለሙያ፣ «ዘንድሮ ተርፈሃል፤ ሁለተኛ ግን ወደ እኔ እንዳትመጣ» ብሎ አስጠነቀቀው። ይኼኔ ነው ነፋስ ስልክ ስቱዲዮ ያለውን ጓደኛውን ኢያቄምን «ሰው ፈልግልኝ» ያለው። ኢያቄምም ዶርቃን ላከለት።

ዶርቃ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሆሳዕና መጥታ ለቡ ታላቅ እህቷ ዘንድ ትኖራለች። ከዚያ በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሮጌ ሰነድ ስካን እያደረገች፣ ለእያንዳንዱ ስም እየሰጠች በየቦታው ታስቀምጥ ነበር። ሌላውን ሰው የሚያሰለቸው ሥራ እሷን ያሳርፋታል።

«ስንት ፎቶ አለህ?» አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ እየሳበች።

«ብዙ።»

«ብዙ ስንት ነው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ከመሳቢያ አራት ሃርድ ዲስክ አወጣ፤ አንደኛው በፕላስተር ታስሯል። ሁሉንም እየሰካች ስታስቆጥር እኩለ ቀን ሆነ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺሕ ከምናምን።

«ስንቱን ታውቀዋለህ?»

«ሁሉንም አውቀዋለሁ። የት እንዳለ ነው የማላውቀው።»

ዶርቃ ሳቀች። እሱም ስቃ ሳትጨርስ ጥርሷን እያየ ፈገግ አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

ፎልደሮቹ «አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የእውነት» የሚሉ ነበሩ። አንድ ሠርግ አራት ቦታ ተገልብጧል። የካሜራው ሰዓት በየጊዜው ስለሚጠፋ፣ የአምና ምርቃት የሃያ ዓመት ዕድሜ ተጽፎለታል። ዶርቃ ድግግሞሹን እያወጣች ጣለች፤ የቀረውን በዓመት፣ በወር፣ በዝግጅት ደረደረችው። ቀኑ የጠፋባትን እሱን ትጠይቀዋለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ጎንበስ ይልና «ይኼ የፍልሰታ ሰሞን ነው፣ ጭቃውን እዪው» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት መቆሙን ትቶ ወንበር አምጥቶ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረ።

አንድ ሥርዓትም አበጀችለት። ፎቶው ሁሉ ሦስት ቦታ ይኖራል። አንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ፤ ሁለተኛው መደርደሪያው ላይ ባለው ትልቅ ዲስክ ውስጥ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ኢያቄም ስቱዲዮ በሚቀመጥ ዲስክ ውስጥ። «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይጠፋብህም» አለችው። ሦስተኛውን ዲስክ በየሁለት ሳምንቱ በታክሲ እያመላለሰች አዲሱን የምትጨምርበት ራሷ ነበረች።

በጥቅምት መጨረሻ ፊት የሚለይ ፕሮግራም ጫነች። አንድ ፊት አሳይተው ስም ከሰጡት፣ የዚያን ሰው ፎቶ ካለበት ሁሉ ለቅሞ ያመጣል። መጀመሪያ የመጣው ፊት የሙሽራም የተመራቂም አልነበረም። ጠይም፣ ረዘም ያለ አንገት ያላት፣ ካሜራውን እንደ ሰው የምታይ ልጅ ነበረች።

«ይቺ ማናት?»

ሚሳኤል ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጪ መንገዱ ላይ የታክሲ ረዳት ለቡ ለቡ እያለ ይጣራል።

«ቢፍቱ» አለ። «ቢፍቱ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ማሽኑ ሁለት ቀን ሲለቅም ዋለና ቁጥሩን ሰጠ፤ ዘጠኝ ሺሕ አራት መቶ አሥራ ስድስት።

ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ አንዷን ጠይም ሴት ከሌላዋ ጋር ይቀላቅላል። ስለዚህ ዶርቃ አንድ በአንድ እየከፈተች «አዎ ናት» ወይም «አይደለችም» ማለት ነበረባት። አሥር ቀን ፈጀባት። ቢፍቱ ማንጎ ስትበላ፣ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዶ። ቢፍቱ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ስታንቀላፋ። ቢፍቱ ተናድዳ፣ ጣቷን ወደ ካሜራው ቀስራ። ቢፍቱ ዝናብ መትቷት ጫማዋን በእጇ ይዛ። በአሥረኛው ቀን ዶርቃ ይቺን ያላየቻትን ሴት ከገዛ እህቷ በላይ ታውቃት ነበር።

ሚሳኤል ነገሩን የነገራት ታክሲ ሲጠብቁ ነው። አምስት ዓመት አብረው ነበሩ። ሠርጋቸው አንድ ወር ሲቀረው፣ ለቡ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጫት። አራት ዓመት ሆኗል።

«እኔ ፌርማታው ላይ እየጠበቅኳት ነበር» አለ። «ዘገየች ብዬ ተናድጄ ነበር።»

ዶርቃ እጁን ያዘችው። ታክሲው መጣና ሄደ፤ ሌላም መጣና ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ በመካከላቸው ያለው ነገር ስም ባይሰጠውም ሁለቱም ያውቁት ነበር። በኅዳር መጨረሻ ሥራው አለቀ። ዶርቃ ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች።

«አላለቀም» አለ ሚሳኤል።

«አልቋል። ሁሉም ቦታ ቦታው ገብቷል።»

«አላለቀም በይ፣ ዶርቃ።»

ቆማ አየችው። ዓይኑን አልነቀለም። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ መለሰችው።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «አላለቀም።»

ታኅሣሥ ላይ ሆሳዕና አባቷ ዘንድ ሽማግሌ መላክ እንደሚፈልግ ነገራት። ዶርቃ ደስታዋን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ፌርማታ አልፋ ነው የወረደችው። ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ ቢፍቱ ናት። ሚሳኤል እግሯን ሲሰማ ቶሎ ብሎ ይዘጋዋል፤ ዞሮ ፈገግ ይላል፤ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። እሷ አትጠይቅም። እሱም አይናገርም። ሁለቱ ሲሳሳቁ እንኳ ያ የተዘጋ ነገር መሐላቸው ይቀመጣል።

ጥር ሲገባ ሚሳኤል የሠርግ ሥራ አግኝቶ ለሦስት ሳምንት ወደ ሐዋሳ ሄደ። ዶርቃ እሱ በሌለበትም እየመጣች የቀሩትን አሮጌ ፎቶዎች ታስተካክል ነበር።

ወይዘሮ አፀደ እስከዚያን ቀን ድረስ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ያቺ ጴንጤ» ነው የሚሏት። በጓዳ ሲያልፉ ሰላምታዋን በአንገታቸው ብቻ ይመልሳሉ። ሚሳኤል በሄደ በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጥተው፣ እሱ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ዶርቃ» አሉ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«የእሷ።»

ዶርቃ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አፀደ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልጄ አራት ዓመት ሙሉ ከሙት ጋር ነው የሚኖረው። ምሳውን እዚህ ወንበር ላይ እሷን እያየ ይበላል። አሁን ደግሞ አንቺን ላግባ ብሎኛል። አይሆንም አልኩት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«በሃይማኖቴ ነው።»

«አዎ። አልዋሽሽም።» ስክሪኑን አዩ። «ግን ከሙት አንቺ ትሻይኛለሽ። አጥፊያቸው። አጥፊያቸውና ሽማግሌውን ራሴ እልካለሁ። ስለ ቸርችሽም አንድ ቃል አይወጣኝም።»

«የእኔ አይደሉም እኮ፣ እትዬ። የእሱ ናቸው።»

«የእሱ ስለሆኑ ነው የማያጠፋቸው።» ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። «አንቺንስ ስንቴ አንስቶሻል?»

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

ዶርቃ መልሱን ታውቀዋለች። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቁጥር ያስቀምጣል። ቢፍቱ፣ ዘጠኝ ሺሕ አራት መቶ አሥራ ስድስት። ዶርቃ፣ ሰባት።

ሁለት ቀን አልመጣችም። እሑድ ቸርች ሄዳ ሰው ሁሉ ሲዘምር አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች ቆመች። ሰኞ መጣች። ቢፍቱ የሚለውን ስም ነካች፤ ሁሉም ፎቶዎች በአንድ ጊዜ ስክሪኑን ሞሉት። ሁሉንም መረጠች። ማሽኑ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። እጇ ማውዙ ላይ እንዳለ ወይዘሮ አፀደ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ትሰማለች። ቢላዋው ቆም አለ። ጫነችው። የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረገች።

ሰው በአንድ ስሜት የሠራውን ጥፋት ቢምሩት ይገባ ይሆናል። ዶርቃ ግን ሦስት ቅጂ ማጥፋት ነበረባት፤ ያንን ሥርዓት ያበጀችው ራሷ ናት። ረቡዕ ዕለት የመደርደሪያውን ዲስክ አወረደች። በሳምንቱ ደግሞ ታክሲ ተሳፍራ ነፋስ ስልክ ሄደች። ኢያቄም ሻይ አስመጣላት።

«ሚሳኤልን ሰው አደረግሽው» አላት ዲስኩን ከካዝናው እያወጣ። «እንደዚህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ።»

ሻይዋን ጠጣች። አመሰገነች። ዲስኩን በቦርሳዋ ይዛ መካኒሳ ተመለሰችና ሦስተኛውንም አጠፋች፤ እንደ ልማዷም ሰሞኑን ያስተካከለችውን ጨመረችበት። በማግስቱ ዲስኩን መለሰችለት።

ሚሳኤል ዓርብ ገባ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ በጣም ደስ ብሎታል። ያነሳውን የሠርግ ፎቶ ሁሉ ሰጣትና ዶርቃ ያን ቀን ኮምፒውተሩና የመደርደሪያው ዲስክ ላይ ስትገለብጥ ዋለች። ወደ ሃያ ሺሕ የሚጠጋ አዲስ ፎቶ ባዶ በቀረው ቦታ ላይ ገባ። እሱ ኮምፒውተሩ ጋ አልተቀመጠም። አጠገቧ ቆሞ አንዴ ትከሻዋን ነካ አደረጋትና፣ «ነገ እንግዳ አለብኝ፤ አንቺም እንድትኖሪ እፈልጋለሁ» አላት።

«ማን ነው?»

«ነገ ታዪዋለሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ወይዘሮ አፀደ ሲያዩዋቸው ደነገጡ። ሚሳኤል ጉልበታቸውን ሳመና አስቀመጣቸው።

«ዶርቃ፣ ኦቦ ዱጉማ ናቸው» አለ። «የቢፍቱ አባት።»

ዶርቃ እጅ ነስታ ተቀመጠች።

ኦቦ ዱጉማ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ባለቤታቸው ዓለሚቱ ታማ ተኝታለች፤ ሐኪሞቹ ቤቷ ውሰዷት ብለዋል። ለቡ ያለው አሮጌ ቤታቸው ለመንገድ ሲፈርስ ዕቃው ሁለት ቀን ዝናብ ላይ አድሮ ያሏቸው ጥቂት ፎቶዎች በስብሰዋል። የልጅቷ ስልክም ከእሷ ጋር ነው የተሰበረው። አራት ዓመት ሙሉ ዓለሚቱ የልጇ ምስል ቤቷ እንዲገባ አልፈለገችም ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር አትጠይቅም። ፊቷን አሳዩኝ ብቻ ትላለች።

«ከኅዳር ጀምሮ ስመርጥ ነበር፣ አባባ» አለ ሚሳኤል። «አልበም አሠራለሁ። የቀረውንም ሁሉ በዲስክ እሰጥዎታለሁ። እዚህ ቤት አንድም አላስቀርም።» ወደ ዶርቃ ዞረና ፊቱ በራ። «ሽማግሌ ልልክ ነው። ይቺ ናት። እርስዎ ሳያውቁ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ኦቦ ዱጉማ ዶርቃን ብዙ ጊዜ አዩዋት።

«እግዜር ይባርካችሁ» አሉ።

«ዶርቃ፣ እስቲ ክፈቺላቸው።»

ተነስታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር? ስሙን ጻፈች። ስክሪኑ ላይ ምንም አልመጣም።

«ተሳስተሽ ነው» አለ ሚሳኤል ከኋላዋ። «በቢ ጻፊው።»

ደግማ ጻፈች።

«የት ገባ? እሺ፣ የመደርደሪያውን ሰኪው።»

ሰካችው። ሽማግሌው ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው፤ ልጃቸው አሁን የምትመጣ መስሏቸዋል። ሚሳኤል ራሱ ማውዙን ወሰደና ከዓመት ዓመት፣ ከወር ወር ዞረ። ቢፍቱ የነበረችበት ሁሉ ተዘሏል።

«ግዴለም» አለ ላቡን እየጠረገ። «ኢያቄም ጋ ሦስተኛ አለ። ሄጄ አመጣዋለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ነው።»

«እዚያም የለም» አለች ዶርቃ።

ሚሳኤል አያት።

«እንዴት አወቅሽ?»

የመደርደሪያውን ዲስክ ገመድ ነቀለች።

«ዶርቃ። ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ።»

ዶርቃ ሳታስበው ወይዘሮ አፀደን አየች። ወይዘሮ አፀደ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ» አሉ። «እኔ ማሽኑን ማብራት እንኳ የማልችል ሴትዮ ነኝ። ቅናት ነዋ። በሙት የሚቀና ሰው አይቼ አላውቅም።»

ዶርቃ ያን ጠዋት የተባባሉትን መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተች። ግን ሴትዮዋ የተናገሩት ነገር እውነት ነበር፤ ሦስት ቅጂ ያጠፋችው ሽማግሌ እንዲላክላት ብላ አልነበረም። አፏን መልሳ ዘጋች።

ኦቦ ዱጉማ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አገላበጡት።

«እናትየውን ምን ልበላት?» አሉ። ማንን እንደጠየቁ አልታወቀም። ቀስ ብለው ወጡ፤ ሊሸኛቸው የተከተለ አልነበረም።

ሚሳኤል ሳይጮህ ነው የተናገራት። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«በየቀኑ ሃምሳ ሃምሳ እመርጥ ነበር» አለ። «ሰጥቻቸው ልጨርስ ነበር። ካንቺ ጋር ከመጀመሬ በፊት ልጨርስ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«እኔ ደግሞ ሳልጠይቅህ...»

«የቤቱን ቁልፍ አስቀምጪና ሂጂ።»

ሰኞ ኮምፒውተሩንና ሁለቱን ዲስኮች የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሰው ዘንድ ወሰዳቸው። ሰውየው ሦስት ቀን ደከመ። በላያቸው አዲስ ፎቶ ስለገባ የተመለሰው ጥቂት ነው፤ የተመለሰውም ግማሽ በግማሽ ነው። ግንባሯ ይታያል፣ ከዚያ በታች ግራጫ። አንገቷና አንድ ጆሮዋ፣ ከዚያ በላይ ግራጫ። ኢያቄም ይህን ለዶርቃ በስልክ ነገራትና ዳግመኛ እንዳትደውልለት ጠየቃት።

እናትና ልጅም አብረው አልሰነበቱም። ወይዘሮ አፀደ አንድ ቀን እራት ላይ፣ ስለ አንተ ብዬ ነው አጥፊያቸው ያልኳት ብለው አፋቸው አመለጣቸው። ሚሳኤል ምግቡን ሳይጨርስ ተነሳ። በሳምንቱ ነፋስ ስልክ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። እሳቸውም ያን ቤት ብቻቸውን ታቀፉት። ለዶርቃ ግን አልደወለላትም።

ዶርቃ ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። የኦቦ ዱጉማ አዲሱ ቤት ከእህቷ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ እንደሆነ ሰምታለች። አንድ እሑድ ከቸርች ስትመለስ እግሯ ወደዚያ ወሰዳት። በሩን የከፈቱላት እሳቸው ናቸው። አላባረሯትም፤ ግቢም አላሏትም። በሩን ክፍት ትተው ዞረው ገቡ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ መስኮት ሥር ተኝተዋል። ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው ፊታቸው ብቻ ነው። ዶርቃ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወይዘሮ አፀደን ብቻ አላነሳቻቸውም።

አሮጊቷ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ሁሉንም አይተሻቸው ነበር?» አሉ።

«አንድ በአንድ፣ እማማ።»

«ሳትዘዪ?»

«ሳልዘል።»

«እንግዲያው ተቀመጪ» አሉ። «ንገሪኝ።»

ዶርቃ አልገባትም ነበር። ሲገባት እንባዋን በእጇ ጠርጋ ጀመረች። ማንጎውን ነገረቻቸው፣ እስከ ክርኗ የወረደውን ጭማቂ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እጇን በምን ጠረገችው?»

«በቀሚሷ።»

«አዎ» አሉ። «ሁልጊዜ።»

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ትሄድ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ከወይዘሮ ዓለሚቱ አፍ አልወጣም። አንድ እሑድ መሐል ላይ «ይብቃሽ፣ ውጪልኝ፣ ፊትሽን አላይም» ብለው አስወጧት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትፈራ ስትቸር ብትመጣ፣ ለምን ዘገየሽ ብለው ተቆጧት። ዶርቃ በሳምንቱ ውስጥ አውቶቡስ ላይም፣ አልጋዋ ላይም ፎቶዎቹን እያስታወሰች ትዘጋጃለች። የቀሚሱ ቀለም ሲጠፋት ታለቅሳለች። ልታጠፋት የፈለገችው ሴት አሁን ያለችው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር፤ አንዷን ፎቶ በረሳች ቁጥር ደግማ የምታጠፋት ይመስላታል።

በሰኔ አንድ እሑድ፣ ቢፍቱ ታክሲ ውስጥ ስላንቀላፋችበት ፎቶ ስትናገር በሩ ላይ ሰው እንዳለ ተሰማት። ዞር ስትል ሚሳኤል ነው። የመጣው አሮጊቷን ሊጠይቅ ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላወቀችም። ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቃት።

ውጪ ግቢው በር ላይ ቆሙ። ካፊያ ይጥላል።

«የመስኮቱን ስንጥቅ እንኳ አልረሳሽውም» አለ።

«አልረሳሁትም።»

«እማዬ ያደረገችውን ሰምቻለሁ።»

«እሳቸው አልነኩትም። የጫንኩት እኔ ነኝ።»

አያት። ያ አጠገቧ ተቀምጦ ያያት የነበረው ዓይን አሁንም አልጠፋም ነበር፤ ዶርቃ አየችውና ልቧ ተነሳ።

«አልጠላሁሽም፣ ዶርቃ» አለ። «ልጠላሽ ሞክሬ ነበር።»

«እንግዲያው...»

«ስሚኝ። ማታ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ላስታውስ እሞክራለሁ። ግንባሯ ይመጣል። ከዚያ በታች ያለው ያንቺ ነው። ዓይኑም ያንቺ ነው፣ አፉም። በሞከርኩ ቁጥር አንቺ ነሽ የምትመጪው።» ድምፁ አልተለወጠም። «ይኼን ይዤ ካንቺ ጋር ልኖር አልችልም። ካንቺ ሌላ ደግሞ የምፈልገው ሰው የለም።»

ዶርቃ እጇን ዘረጋች። ለጥቂት ጊዜ ያዘው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እንደሚቆጥር ዳበሳቸውና ለቀቃቸው። ካፊያው ውስጥ ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን ሸጦ ወደ ጂማ እንደሄደ ሰማች። ከዚያ በላይ አልሰማችም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ በሐምሌ አረፉ። ዶርቃ ለቅሶ ስትደርስ ሴቶቹ ማን መሆኗን ስላላወቁ ከጎረቤት ጋር አስቀመጧት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት የሚያስኬዳት ነገር አልነበረም። ሁለት እሑድ ቀረች። በሦስተኛው ከቸርች ስትወጣ ኦቦ ዱጉማ አጥሩ ጋ ቆመው ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ከፊቷ መራመድ ጀመሩ፤ ተከተለቻቸው።

ቤት ገብተው ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ለእሷ ወንበሩን አሳዩዋት። ባለቤታቸው ሲሰሙ ቢከርሙም እሳቸው ግን በነዚያ ወራት ሁሉ ዶርቃ ስትመጣ ወደ ጓሮ ነበር የሚወጡት።

«እኔ ያለሁበት አለ?» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ከእሷ ጋር። አንድ እንኳ።»

ዶርቃ ታውቀዋለች። ከዘጠኝ ሺሕ አራት መቶ አሥራ ስድስት ፎቶ ውስጥ እሳቸው ያሉበት አንድም አልነበረም። ልጃቸው ከፎቶ አንሺ ጋር መዞሯን ስላልወደዱት፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ካሜራ ባለበት ቆመው አያውቁም።

«አለ፣ አባባ» አለች።

ቀና አሉ።

«ጠዋት ነው። እርስዎ በር ላይ ቆመዋል። እሷ ከኋላዎ መጥታ አገጯን ትከሻዎ ላይ አድርጋለች። እርስዎ አላወቁም፣ ወደ ውጪ ነው የሚያዩት። እሷ ናት የምትስቀው።»

«እኔስ? አልሳቅኩም?»

«ትንሽ። ሊስቁ ሲሉ ነው የተነሳው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ትከሻቸው ወጣና እዚያው ቀረ።

«አዎ» አሉ። «አስታወስኩት።»